ለገሃር፣ አቃቂ፣ ለቡ፦ ጣቢያው ስንት ጊዜ ቦታ ለወጠ? (ነገሩ አዘዞንም ይነካል)

ቀሃ ዳር (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ጎንደር ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ስለ ምድር ባቡር ጣቢያዎች 6 ሰሌዳ ያለው ትንሽ ኤግዚቢሽን እየተሰናዳ ነው። ርእሱ «የአዲስ አበባ ጣቢያ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ» የሚል ነው። ቀላል መስሎ ነበር። ጽሑፍ ሲሰበሰብ ግን አንዱ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው ይላል፣ ሌላው በ1917፣ ሦስተኛው በ1922፣ አራተኛው በ1929። አቃቂን የመስመሩ መጨረሻ አድርጎ የጻፈም አለ። ይህን እንዳለ ተማሪ ፊት መለጠፍ አይቻልም።

የምታውቁ እርዱን፦ ከእነዚህ ዓመቶች የትኛው ምኑን ነው የሚመለከተው? ያ ሁሉ ሕንፃና ግቢ ለገሃር ላይ እያለ አዲሱ ባቡር ለምን ለቡ ሄዶ ቆመ? «ጣሊያን ጎንደር ላይ ባቡር ጣቢያ ነበረው» የሚል ወሬም እዚህ ይሰማል፤ መሠረት አለው ወይ? የመጨረሻውን ደግሞ ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሐዲድ ወደኛ ቢመጣ ጣቢያው መሀል ጎንደር ፒያሳ ይሆናል ወይስ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው አዘዞ?

ክበቡ አዲስ አበባ ሲወርድ አሮጌውንና አዲሱን ጣቢያ በአንድ ቀን ማየት ይችል እንደሆነም ጠቁሙን።

ሸፍ ደጋር

ዓመቶቹ ሁሉም ልክ ናቸው። ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የተለያዩ ድርጊቶች አንድ ወንፊት ውስጥ ገብተው ነው የተምታቱት። እንዲህ ለያያቸው።

ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው በ1915 እ.ኤ.አ ነው፤ ለዋና ከተማው 23 ኪሎ ሜትር ሲቀረው። አዲስ አበባ የገባው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1917 እ.ኤ.አ፣ ማለትም በ1909 ዓ.ም ነው። ዛሬ ለገሃር ላይ ቆሞ የምናየው ሕንፃ ግን የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 3 ቀን 1929። እንግዲህ 1909 እና 1917 የሐዲዱ መግቢያ ናቸው፣ 1922 እና 1929 የሕንፃው ምረቃ። በመካከላቸው 12 ዓመት ያህል አለ፤ ባቡሩ በነዚያ ዓመቶች ያለዚህ ሕንፃ ሲሠራ ቆይቷል። «ባቡሩ መጀመሪያ ሲገባ» የሚል ጽሑፍ ሥሩ ተጽፎበት ትልቁ ሕንፃ የሚታይበት ፎቶ ካጋጠመህ ጽሑፉ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ፎቶውን ሳይሆን መግለጫውን ጣለው።

የዓመት ቅየራው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድርጊቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዓመት ማለቂያ ባለው ጊዜ ከሆነ 7 ትቀንሳለህ፣ ከጃንዋሪ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። ስለዚህ ወሩ ያልተጠቀሰ ዓመት ሁለት መልስ አለው። የአቃቂው 1915 ወይ 1907 ነው ወይ 1908፤ ወሩን በእርግጥ ካላገኘህ እ.ኤ.አ ብለህ እንዳለ ተወው። ብዙ ስሕተት የሚመጣው ሁሉንም በ8 ቀንሶ ከመሄድ ነው። የሕንፃውን ምረቃ እንዲያ ብታደርገው 1921 ይወጣልሃል፣ እሱም የለም።

አሁን የመጀመሪያውን ሰሌዳ በተመለከተ ምክር ልስጥ። ከአቃቂም ከለገሃርም አትጀምር፤ ከወረቀቱ ጀምር። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ውል ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ የሚል ስም የለበትም፤ እንጦጦ ነው የሚለው። ድሬዳዋ የሚባል ከተማም ገና አልነበረም። ሐዲድ በወረቀት የተጠራባቸው ሐረርና እንጦጦ እስከ ዛሬ አንድ ሜትር ሐዲድ አላዩም። የጣቢያው ቦታ መለዋወጥ የጀመረው እንግዲህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው። ለኔ ከሁሉም የሚጥመው ክፍል ይኼ ነው።

አቃቂን በተመለከተ፣ የመስመሩ መጨረሻ ነበረ የሚለው ለሁለት ዓመት ያህል እውነት ነው። ሐዲዱ እዚያ ላይ ቆሞ የቀረው መንገድ በጭነት እንስሳ ይሸፈን ነበር። ከ1917 እ.ኤ.አ በኋላ ግን መካከለኛ ጣቢያ ሆነ። ቅደም ተከተሉ ከአዲስ አበባ ሲነሡ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያለ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አቃቂ ኋላ የፋብሪካ ከተማ የሆነችውም ሐዲዱ በአጠገቧ ስለሚያልፍ ነው፤ ጥሬ ዕቃው በር ድረስ ይመጣ ነበር። ያኔ ራሷን የቻለች የገጠር ጣቢያ ነበረች፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ናት።

ለገሃርም ራሱ ሲተከል መሀል ከተማ አልነበረም። ከቤተ መንግሥቱ በታች፣ በከተማው ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ነበር። ከተማው ወርዶ ዋጠው። ቸርችል ጎዳናን በፎቶ ብታሳይ ይገባቸዋል፤ ከጣቢያው ፊት ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ የሚወጣው መንገድ የከተማውን አሰላለፍ ከጣቢያው ጋር ያያዘ ነው። ስሙ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። «ለገሃር ጣቢያ» ማለት ስለዚህ «ጣቢያ ጣቢያ» ማለት ነው፣ ግን ማንም አይተወውም።

ከጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የ1923 ዓ.ም ንግሥ ነው። ጣሊያኖች ወስደው ሮም ውስጥ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ዶጋሊ ጦርነት ላይ ለሞቱባቸው ወታደሮች ካቆሙት መታሰቢያ ሥር አኑረውት ነበር። ኋላ ተመልሷል። ከጣቢያ ተነሥቶ ጣቢያ አጠገብ ማረፉ ለሰሌዳ የሚሆን ነገር ነው።

ከዚራ

ሸፍ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ሐረርን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈው። የአዘዞ ጥያቄ መልስ ያለው እዚያው ላይ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው።

ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም ነው። ውሉ ሐረር ይላል። ሐረር ግን ከ1800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፣ ከሥሯ ያለው ሜዳ 1200 ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱን ያን 600 ሜትር ዳገት ማውጣት፣ ከዚያም ወደ አዋሽ እንደገና ማውረድ ገንዘብ የሚበላ ሥራ ሆነ። ኩባንያው በሜዳው ሄደ። ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 ዓ.ም ሐዲዱ ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሲደርስ ከተማው ገና ከምንም እየተቆረቆረ ነበር፤ ስሙም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ይኼው ነው ድሬዳዋ። ጣቢያው ወደ ከተማው መሄድ ሲያቅተው ከተማው ወደ ጣቢያው መጣ ማለት ነው። ከደቻቱ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራ በቀጥታ መንገዶች ተሰምሮ ጣቢያውን ይዞ ተሠራ፣ በሌላው ወገን መጋላ በራሱ መንገድ አደገ።

ከዚያ ሥራው ለዓመታት ቆመ። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አልቆበት ከሰረ፣ በ1908 እ.ኤ.አ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተረከበው። አቃቂ ለመድረስ 12 ዓመት የፈጀው መንገዱ ስለከበደ ብቻ አይደለም።

ለሰሌዳህ ሌላም ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትሩ ሦስት ቀን ይወስዳል፣ ተሳፋሪ አንዱን ሌሊት አዋሽ ሌላውን ድሬዳዋ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ከነሆቴሉ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ጣቢያ የሚተከለው ሰው ስላለ ብቻ እንዳልሆነ ማሳያ ነው፤ ውሃ የሚሞላበት፣ ሎኮሞቲቭ የሚቀየርበት፣ መንገደኛ የሚያድርበት ርቀት ሲደርስ ጣቢያ ይተከላል።

በአዲሱ መስመርም ድሬዳዋ ጣቢያዋ ከከተማው ወጥቷል፤ ከዚራ ያለው አሮጌው ጣቢያ ላይ አዲሱ ባቡር አይደርስም። ጅቡቲም እንዲሁ፣ መንገደኛ የሚወርደው ከከተማው ወጣ ብሎ ነጋድ ላይ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ ብቻ ጣቢያዋን አጣች» ብለህ እንዳትጽፍ። ሦስቱም ከተሞች ናቸው ያጡት።

በሺህ አሥራ ሁለት

የለቡን ጉዳይ ልውሰደው። መጀመሪያ አንድ እርማት፦ ለቡ የመስመሩ መጨረሻ አይደለም። መስመሩ ከሰበታ ይነሣና ለቡን፣ እንዶዴን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ ይወርዳል። አዲስ አበባን በደቡብ በኩል ዳር ዳሩን ይዞ ያልፋል እንጂ አይገባባትም። የመንገደኛ ባቡር ከለቡ ስለሚነሣ ነው ሰው መጨረሻ የሚመስለው።

«ለምን ለገሃር አልገባም» ለሚለው ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ የሐዲዱ ስፋት ነው፤ በሁለቱ የብረት ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ማለት ነው። አሮጌው 1000 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 1435። እውነት ነው፣ ግን ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ አሮጌውን ነቅሎ በዚያው ቦታ አዲስ ማንጠፍ ይቻላል። ዋናው ችግር ጠፍጣፋ መሬት ነው።

የጭነት ባቡር ርዝመት 850 ሜትር ያህል ይያዝለታል። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ የሚቆምበት ሐዲድ ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ጣቢያ ውስጥ የሚፈቀደው ዘንበል ማለት በሺህ ሜትር ከ1 እስከ 2.5 ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ፍሬኑ የተለቀቀ ፉርጎ በራሱ ይንከባለላል። በዚያ ላይ በሁለቱም ጫፍ ሐዲዶቹ የሚቀያየሩበት መገናኛ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜትር ከምናምን ርዝመት፣ ብዙ ሐዲድ ጎን ለጎን፣ መጋዘንና የከባድ መኪና ማዞሪያ። ይህን መሀል አዲስ አበባ ከየት ታመጣለህ?

ሁለተኛው የመንገድ ማቋረጫ ነው። አሮጌው ሐዲድ ከተማው ውስጥ ከመኪና መንገድ ጋር በአንድ ደረጃ ይሻገር ነበር። 850 ሜትር ባቡር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢያልፍ አንድ ማቋረጫ ላይ ብቻ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይቆያል፤ በሩ አስቀድሞ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ስትጨምር አራት ደቂቃ ይደርሳል። በዛሬው የአዲስ አበባ መንገድ ላይ አስበው። አለዚያ ሁሉንም በድልድይ ማሻገር ነው።

ሦስተኛው ጥምዝ ነው። ባለ 1000 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ጠበብ ባለ ጥምዝ ተራራውን እየታከከ ይሄዳል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ የተወሰነ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም አዋሽ አጠገብ ባቡር ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ሲገቡ ከ400 ሰው በላይ አልቋል። ለፈጣንና ለከባድ ባቡር የተቀየሰ መስመር የድሮውን ፈለግ መከተል አይችልም፤ ሰፋ ያለ ጥምዝ ይፈልጋል፣ ሰፊ ጥምዝ ደግሞ ባዶ መሬት ይፈልጋል። ባዶ መሬት የነበረው በለቡና በእንዶዴ በኩል ነው።

ለሰሌዳው የሚሆኑ ቀኖች፦ አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም ተመረቀ። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ግን ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ነው፤ እነዚህንም እንደ 1909 እና 1922 እንዳታደባልቃቸው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ፣ ከዚያ ወዲያ ነጠላ። በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ይሠራል። አሮጌው በእንፋሎት ጀምሮ በናፍጣ ጨረሰ እንጂ ኤሌክትሪክ አያውቅም። ስለዚህ ለገሃር አካባቢ ሐዲድ ላይ ሽቦ የተዘረጋበት ፎቶ ካየህ መስከረም 2008 የተከፈተው የከተማው ቀላል ባቡር ነው፤ እሱ በ750 ቮልት የሚሠራ ሌላ ሥርዓት ነው።

ወደ አዘዞ እንምጣ። በእቅድ ደረጃ በአገሪቱ የባቡር አውታር ላይ የተሠመረው ከወረታ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ነው። ስሙን ልብ በል፤ «ጎንደር» አይልም፣ «አዘዞ» ይላል። ይህ የጸሐፊ ምርጫ አይመስለኝም። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል ባለ ጀርባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፣ 2133 ሜትር። አዘዞ የአውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሜዳ ነው፣ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱን 150 ሜትር፣ መንገዱን 12 ኪሎ ሜትር ብንይዝ በሺህ ሜትር 12.5 ሜትር ዳገት ይሆናል።

ይህ ለመኪና ምንም አይደለም፣ ባጃጅ ሳይቀር ይወጣዋል። ለባቡር ግን ቁጠረው። በሜዳ አንድ ቶን ለመጎተት 2.5 ኪሎ ጉልበት ያህል ይበቃል። በሺህ 12.5 ዳገት ላይ በያንዳንዱ ቶን ሌላ 12.5 ኪሎ ይጨመራል፤ ስድስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። 2000 ቶን ባቡር በሜዳ 5 ቶን ጉልበት ሲበቃው ዳገቱ ላይ 30 ቶን ይፈልጋል። 120 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ ደረቅ ሐዲድ ላይ ሳይንሸራተት የሚስበው ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ነው፤ 30 ቶን። ልክ ጫፉ ላይ ነህ። የሐምሌ ዝናብ ሐዲዱን ካረጠበው መንኮራኩሩ በቦታው ይሽከረከራል፤ አሸዋ መንፋት ወይም ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ መቀጠል ግድ ይሆናል። ይህም ቀጥ ያለ መስመር ስናስብ ነው፤ ጥምዝ ሲገባበት ይብሳል። ይህን ሁሉ ከፍለህ ላይ ስትደርስ ፒያሳ 850 ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ የላትም።

ደግሞም ከመተማ የሚመጣ ሰሊጥ ፒያሳ ምን ይሠራል? የመተማና የባሕር ዳር መንገዶች የሚገናኙት አዘዞ ላይ ነው፤ ጭነቱ ከተማው ውስጥ ጉዳይ የለውም። ሌላም ማየት ትችላለህ፦ ከአዋሽ ወደ ሰሜን የተሠራው መስመር የሚሄደው በኮምቦልቻ ነው እንጂ በደሴ አይደለም፣ ጫፉም ሐራ ገበያ ነው እንጂ ወልዲያ አይደለም። ሐረርና ድሬዳዋ፣ ደሴና ኮምቦልቻ፣ ጎንደርና አዘዞ፤ ሂሳቡ አንድ ዓይነት ነው።

የአንገረብ ሰው

የጣሊያኑን ወሬ እኔ ልመልሰው። ጎንደር ላይ የባቡር ጣቢያ አልነበረም። የጣሊያን ሐዲድ ኤርትራ ውስጥ ነው የቀረው፤ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1911 እ.ኤ.አ አስመራ ደረሰ፣ ከረንና አቆርዳትን አልፎ በ1932 እ.ኤ.አ ቢሻ ላይ ቆመ። ስፋቱም 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከፈረንሳዩ ጋር እንኳ አይገጥምም። ወደ ጎንደር ያመጡት መንገድ ነው፤ በሊማሊሞ የሚወርደው። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም ጎንደር ላይ እጃቸውን እስኪሰጡ ድረስ ስንቅና ጥይት የመጣላቸው በካሚዮን ነው። ፒያሳ ያሉት ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የጣሊያን ሥራ ናቸው፤ ከመካከላቸው ጣቢያ የሆነ የለም።

ወሬው ከየት እንደሚመጣ ግን መገመት አይከብድም። ችግሩ ያለው «ባቡር» በሚለው ቃል ላይ ነው። በድሮ አማርኛ ባቡር ማለት በሞተር የሚሠራ ማንኛውም ነገር ነው። እህል የሚፈጭ ባቡር ነው፤ ዛሬም ገጠር «ባቡር ቤት ሄደች» ሲባል ወፍጮ ቤት ማለት ነው። የመኪና መንገድ «የባቡር መንገድ» ይባል ነበር። ሰርኪስ ቴርዝያን ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት መኪናም «የሰርኪስ ባቡር» ነው የተባለው፣ በሐዲድ ላይ ግን አልሄደም። ለዚህ ነው «ምድር ባቡር» የሚል ለብቻው የተፈጠረው። ስለዚህ እናት አባቶች «በጣሊያን ጊዜ ባቡር ነበረ» ሲሉ አልዋሹም፤ ወፍጮውን ወይም መንገድ ዳማጩን ነው የሚሉት። ልጆቹ ሽማግሌ ሲጠይቁ «ሐዲድ ነበረው ወይ?» ብለው ይጠይቁ፣ ያኔ ይለያል።

ጥቁር ፉርጎ

በሺህ አሥራ ሁለት፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ለጭነቱ ያልከው ሁሉ ይገባኛል። መንገደኛው ግን ምን በደለ? በ1000ው ሐዲድ ጎን ሦስተኛ ዘንግ ጨምሮ የመንገደኛ ባቡር ብቻ ለገሃር ማስገባት ይቻል ነበር። ዛሬ ሰው ድሬዳዋ ለመሄድ መጀመሪያ ለቡ ለመድረስ ይሰቃያል፤ የከተማው ቀላል ባቡር እንኳ እዚያ አይደርስም።

በሺህ አሥራ ሁለት

ሦስተኛ ዘንግ በሐሳብ ደረጃ ይቻላል። በ1000ና በ1435 መካከል 435 ሚሊ ሜትር አለ፤ የሐዲድ እግር 150 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ቦታ ይበቃዋል። (950ውንና 1000ውን አንድ ላይ ማንጠፍ ብትፈልግ ግን 50 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ዘንጎቹ ይጋጫሉ።) የሚያስቸግረው ከሥር ነው። አሮጌው መስመር ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚዎች አጫጭርና ክብደቱ አነስተኛ ለሆነ ባቡር የተሠሩ ናቸው፤ ሦስተኛ ዘንግ ለመጨመር ሁሉንም ነቅሎ ረጅም ማስገባት ነው። ጠጠሩም ይቀየራል። 25 ሺህ ቮልት ሽቦ በከተማው ድልድዮች ሥር ማሳለፍ ሌላ ጣጣ ነው። ተደምሮ አዲስ መስመር ይሆንብሃል፤ «መጨመር» አይባልም።

የመንገደኛው ቅሬታ ግን እውነት ነው። ጣቢያ ወደ ዳር ሲወጣ ወደ እሱ የሚወስደው መገናኛ አብሮ ካልተሠራ ጉዞው የሚረዝመው ከተማ ውስጥ ነው። አዘዞ ላይም ቢሆን አስቀድሞ መያዝ ያለበት ከጣቢያው በር እስከ ዋናው መንገድ ያለው መሬት ነው፤ የአውቶቡስና የሚኒባስ መቆሚያ የሚሆን። ቤት ከተሠራበት በኋላ ካሳው ከሐዲዱ አይተናነስም።

ሸፍ ደጋር

ስለ ጉብኝቱ፦ በአንድ ቀን ይቻላል፣ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ። የመንገደኛ ባቡር በየቀኑ አይነሣም፣ የሚነሣውም ጠዋት ነው። ስለዚህ የመነሻውን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩና በማለዳ ለቡ ሂዱ። ከሜክሲኮ የለቡ ወይም የጀሞ ታክሲ አለ። ፍተሻው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሆነ የተማሪዎቹ መታወቂያና ከትምህርት ቤቱ የተጻፈ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝ፤ ደብዳቤው ላይ «ፎቶ ለማንሣት» የሚል ካልተጻፈ ካሜራ ያስቀራሉ። ከሰዓት ወደ ለገሃር ተመለሱ። ግቢው ለትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት የተሰጠ ስለሆነ ውስጥ መግባቱን አትተማመኑበት፤ ሕንፃውና አንበሳው ከውጭ በደንብ ይታያሉ።

ሐዲድ ለመለካት ብላችሁ ግን ለቡ ላይ ወደ መስመር እንዳትወርዱ። እዚያው ጎንደር ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሠራል፦ በኖራ ሦስት ጥንድ መስመር አስምሩ፣ አንዱ 950፣ አንዱ 1000፣ አንዱ 1435 ሚሊ ሜትር። የሚለካው ከሐዲድ ራስ ውስጠኛ ጎን እስከ ሌላው ውስጠኛ ጎን ነው፤ ከመሀል እስከ መሀል ከለካችሁ ትሳሳታላችሁ። ልጆቹ መሀል ገብተው ሲቆሙ ልዩነቱ ከማንኛውም ሰሌዳ በላይ ይገባቸዋል።

በሺህ አሥራ ሁለት

ዳገቱንም አሳዩዋቸው። 4 ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላ አጋድሙ፣ በውሃ ልክ አስተካክሉ፣ ከዚያ አንዱን ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አንሡት። ይህ ልክ በሺህ 12.5 ነው። ዐይን ሜዳ ነው ይላል። የብረት ኳስ፣ ለምሳሌ ከአሮጌ ኩሽኔታ የወጣች፣ ላዩ ላይ ስታስቀምጡ ግን ወዲያው ትንከባለላለች። ጣውላው ከተጣመመ አይሠራም፣ መሀሉ ላይ ትቆማለች፤ አዲስ የተላገ ምረጡ።

ቀሃ ዳር (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰሌዳዎቹ ተከልሰዋል፦ አንደኛው የወረቀቶቹ ጣቢያዎች፣ ሐረርና እንጦጦ። ሁለተኛው ድሬዳዋ። ሦስተኛው አቃቂ 1915 እ.ኤ.አ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይጻፍ። አራተኛው ለገሃር፣ 1909 ለሐዲዱ 1922 ለሕንፃው ተለይቶ። አምስተኛው ለቡ። ስድስተኛው አዘዞ፣ «እቅድ» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎበት፤ አለዚያ ነገ ከተማው ሁሉ «ባቡር ሊመጣ ነው» ብሎ መሬት መግዛት ይጀምራል። የ«ባቡር» ቃል ማብራሪያ መግቢያው በር ላይ ይለጠፋል።

በሺህ አሥራ ሁለት

አምስተኛው ላይ ካርታ የምታደርጉ ከሆነ ቀስቱን ለቡ ላይ አታቁሙት፣ ሰበታ አድርሱት።